ቋቱ ዓይን ይቆጥራል

ሰአዳ ይማም ማንበብ ለመማር የተመዘገበችው ልጇ ከሥራ እንዳትወጣባት ብላ ነው። መዝጋቢው ምክንያቷን ሲጠይቃት ይህንኑ ነገረችው። እሱም የቤተሰብ ጉዳይ ብሎ አስገባላትና ቀጣዩን ሰው ጠራ።

በዚያ ዘመን ደሴ ውስጥ የሚያነብ ሰው ማግኘት በቅሎ የሚጭን ሰው እንደማግኘት ነበር። የደረሰ ክፉ ነገር የለም፤ ሁሉን ድምፁ ያነብ ስለነበረ ነው። ድምፁ በየቤቱ ግድግዳ ውስጥ፣ በየሰዉም ጆሮ ሥር አለ። የመድኃኒቱን ብልቃጥ ያነባል፣ የሱቁን ታፔላ ያነባል፣ የሟቹን ስም ከመቃብሩ ድንጋይ ላይ ያነባል። ትምህርት ቤት ድሮ ፊደል ይቆጠርበት እንደነበር ሰአዳ በወሬ ሰምታለች። እሷ ስትገባ ግን ፊደል ቀርቶ የማዳመጥ ትምህርት ተተክቶ ነበር። በማዳመጥ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታ የምስክር ወረቀት ተሰጥቷታል፤ ምን እንደሚል ድምፁ አንብቦላታል። ከዚያ ወዲያ ልብስ ሰፊ ሆነች፣ አገባች፣ ባሏ ሞተ፣ አንዲት ልጅ ቀረቻት።

ልጇ ረውዳ ከእናቷ ጋር ቧንቧ ውሃ ሰፈር የምትኖር፣ የመንግሥት ተመራማሪ ናት። የምታጠናው የድንጋይ ሽበትን ነው፤ ያንን ድንጋይ ላይ አንዴ እንደ አመድ፣ አንዴ እንደ ዝገት ተለጥፎ የሚታየውን። ሽበቱ ነፍስ ስላለው የድንጋይ መሥሪያ ቤት የዕፅዋት ነው ይላል። ሥር ስለሌለው ደግሞ የዕፅዋት መሥሪያ ቤት የድንጋይ ነው ይላል። በስምምነት ወንበሯ በአንዱ ቤት፣ ጠረጴዛዋ በሌላው ቤት ተቀምጦላት ነበር። ረውዳ መጻፍ የተማረችው የሥራው ግዴታ ስለሆነ ነው። ተመራማሪዎች ሁሉ ይጽፋሉ። የሌላውን ጽሑፍ ግን አያነቡም፤ ፍሬ ነገሩን ድምፁ ይነግራቸዋል።

ስድስቱ የሳይንስ መሥሪያ ቤቶች ቤተ መጻሕፍታቸውን አንድ ላይ አድርገው በጋራ መጠቀም ሲጀምሩ፣ የማን ጽሑፍ ይቆይ፣ የማን ይውጣ የሚል ጠብ እንደማይጠፋ ያውቁ ነበር። ጠቡ እንዳይነሳ አንድ ደንብ አወጡ። ጽሑፉ ሁሉ የሚከማችበት የጋራው ቋት ዓይን ይቆጥራል። የሰው ዓይን አንድ መስመር ላይ በቆየ ቁጥር መስመሩ ይከብዳል። የከበደ ጽሑፍ ይቆያል፣ በጀቱም ይከተለዋል። የቀለለ ይወጣል፣ ጸሐፊውም አብሮ ይወጣል። የድምፁ ንባብ አይቆጠርም፣ ድምፁ ዓይን የለውምና። የጸሐፊውም የራሱ ዓይን አይቆጠርም፣ አድልዎ ይሆናልና።

አንድ ቀን ረውዳ እራት ላይ ቁራሽ በእጇ እንደያዘች፣ ሪፖርቷን ወደ ቋቱ ካስገባች ወዲህ አንድም የሰው ዓይን እንዳላረፈበት ለእናቷ ነገረቻት። እስከ ጥር ካላረፈበት የምትሠራበት ክፍል ይዘጋል። ይህን ያለችው ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው ሆና ነበር። ሰአዳ ግን ጉርሻዋን ሳህኑ ላይ መለሰች።

«የማንን ዓይን ነው የሚፈልጉት?» አለቻት።

«የማንንም እማዬ። የዜጋ ዓይን ይሁን እንጂ።»

ሰአዳ ሳህኑን ካነሳች በኋላ የልጇን ሪፖርት እንዲነግራት ድምፁን ጠየቀችው። «ጽሑፉ ስለ ድንጋይ ነው። ጥሩ ነው» አላት። የሦስት ዓመት ሥራ ይህ ብቻ ሊሆን አይችልም ብላ፣ ሌላስ ስትለው፣ «ብዙ ድንጋይ ነው» አለ። በማግስቱ ሄዳ ተመዘገበች።

ትምህርቱ የሚሰጠው ሸዋ በር፣ ድሮ ባንክ በነበረ ፎቅ ምድር ቤት ነው። መምህር አሰግድ ፊደል ከአያቱ የለመደ፣ አነጋገሩ ዝግ ያለ ሰው ነው። ከቋቱ በቀር ለንባብ የሚሆን ጽሑፍ ከተማው ውስጥ ስላልነበረ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የሳይንስ ጽሑፍ በንባብ ሰሌዳው ላይ ይዞ ይለማመዳል። ከሰአዳ አጠገብ የሚቀመጡት ጋሽ ይመር የአውቶቡስ ሾፌር የነበሩ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሰው ናቸው። የሚማሩት ድምፁ የሚስታቸውን ስም ከመቃብሯ ላይ ሲጠራ ደስ ስለማይላቸው፣ ራሳቸው ለማንበብ ነው። እስከዚያው የደረሳቸው ስለ አህያ ሰኮና የተጻፈ ጥናት ነበር።

«ስትማሪ አይተሽ ምረጪ» አሏት ሰአዳን በመጀመሪያው ቀን። «እኔ እንዳልኩት ሳይሆን አህያ ወጣብኝ።»

ሰአዳ መምረጥ አላስፈለጋትም። ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲደርስ ፊደሉን ጨረሰች። ኅዳር ላይ የልጇን ሪፖርት ከፈተች። በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ስፌት እንደምትሰፋው ታነብ ነበር። አንድ ክር ከተጠራጠረች ወደ ኋላ ትመለሳለች። መምህሩ መፍጠን ይሻላል ይላታል። እሷ የተጠደፈ ስፌት በመጀመሪያው እጥበት ይለቃል ትለዋለች።

ከገጾቹ ብዙውን አልተረዳችም። ያልገባትን እንደ እንግዳ ሰው ሰላምታ እየሰጠች አለፈችው። መጨረሻው ገጽ ላይ ግን የገባት መስመር መጣ። እንዲህ ይላል፦ «በቧሂት ተራራ አናት ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚቀመጥ አንድ ተመልካች ቢኖር መልካም ነው።»

ሰአዳ አንብባው አቆመች። ተመልሳ አነበበችው። ቧሂት የት እንደሆነ ድምፁን ጠየቀችው፤ ሰሜን ተራሮች ውስጥ እንደሆነና በረዶ እንደሚጥልበት ነገራት። የማን ልጅ ነው እዚያ የሚቀመጠው? ምን ይበላል? ቢታመም ማን ይሰማዋል? ወደ ቤት እንደገባች ረውዳን ጠየቀቻት። ረውዳ ሳቀች።

«እማዬ፣ እሱ የመዝጊያ ወግ ነው። ሁሉም ሪፖርት ‘ቢኖር መልካም ነው’ ብሎ ነው የሚያልቀው። የሚያደርገው የለም፣ የሚያነበውም የለም።»

ሰአዳ እሺ አለች እንጂ አላረፈችም። በማግስቱ ሪፖርቱን ከመጀመሪያው ልትደግም ከፈተችና፣ ከመጀመሯ በፊት መስመሩ እዚያው እንዳለ ልትፈትሽ ወደ መጨረሻው ገጽ ሄደች። አለ። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ አደረገች። በር ዘግተው ከወጡ በኋላ ቆልፌዋለሁ ወይ ብለው ከመንገድ የሚመለሱ ሰዎች አሉ፤ ሰአዳ ከእነሱ ናት። ትምህርቱ በተሰጠ ቁጥር ወደዚያ መስመር ትሄዳለች፣ ጣቷን ታስቀምጥበታለች፣ ትጨነቅበታለች፣ ከዚያ ሌላውን ታነባለች።

ጥር ላይ ረውዳ ሐላዋ ይዛ ገባች። ክፍሉ ከሚዘጉት ዝርዝር ተሰርዟል። የሰው ዓይን አግኝቷል፣ ያውም ብዙ። ሰአዳ አልሃምዱሊላህ አለች። ልጇ ግንባሯን ሳመቻት፤ ሐላዋውንም አብረው ጨረሱት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አቶ ውብሸት የሚባል የቋቱ ባለሥልጣን ከአዲስ አበባ መጣ። የምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሞ የቧሂትን መስመር የሚያነቡት ዶክተር የት እንዳሉ ጠየቀ። ጋሽ ይመር ወደ ሰአዳ ጠቆሙት። ሰአዳ ከመቀመጫዋ ተነሳች፤ ነጠላዋን አስተካከለች። አቶ ውብሸት ጎንበስ ብሎ ሰላም ካላት በኋላ፣ ስድስቱ መሥሪያ ቤቶች ካሏቸው መስመሮች ሁሉ በዚህ ዓመት የከበደው ይህ መሆኑን አስረዳት። ቀጥሎ የሚመጣው መስመር ስለ አህያ ሰኮና ነው፤ ግን በጣም ሩቅ ነው።

«ምኑ ያዘዎት?» አላት።

«ብርዱ» አለች ሰአዳ።

አቶ ውብሸት ብርዱ ብሎ ለድምፁ ደገመ፣ እንዲይዝለት።

«እዚያ ላይ ሰው እንዴት ይቀመጣል ብዬ ነው። የእኛው ጦሳ ተራራ እንኳ ሐምሌ ላይ አያስቀምጥም። እኔ የምለው ሰው እንዳይቀመጥ ነው።»

አቶ ውብሸት በአክብሮት አዳመጣት። የተናገረችውን ሁሉ ሊጽፍላት ይችል እንደነበር፣ ሆኖም ደንቡ ይህን እንደማይፈቅድ ነገራት።

«ቋቱ ዓይን ነው የሚቆጥረው፣ እትዬ። አፍ አይቆጥርም።»

እሱ ከሄደ በኋላ ጋሽ ይመር ሰሌዳቸውን አጠፉ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ሰአዳን አዩዋት።

«አንቺ ሰው» አሏት፣ «ልጅሽን በዓይንሽ ሾምሻት።»

እንዳሉትም ሆነ። የቧሂት የድንጋይ ሽበት መመልከቻ ጣቢያ በየካቲት ተቋቋመ። ተመልካችም አስፈለገ። ስለ ድንጋይ ሽበት ከአንድ ሰው በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ስድስቱ መሥሪያ ቤቶች ቤተ መጻሕፍታቸውን ካዋሃዱ ወዲህ ያለ ክርክር የተስማሙበት የመጀመሪያው ሹመት የረውዳ ነው። ወንበሯና ጠረጴዛዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ መኪና ተጫኑ።

ሰአዳ በርኖስ ገዛች፣ በሶ ፈጨች፣ የባሏን ጋቢ ከሣጥን አውጥታ አጠበች። ረውዳ በሩ ላይ አቅፋ አብሽሪ እማዬ አለቻት። ሰአዳ የቆመችበት ሆና መኪናው እስኪታጠፍ አየች። ረጅም አየች። ያንን የቆጠረላት የለም።

የጣቢያው ደንብ አጭር ነበር። ተመልካቿ ሪፖርት ትልካለች። ሪፖርቱ ላይ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሰው ዓይን ካረፈ ጣቢያው ይቀጥላል። ካላረፈ ይዘጋል፣ ተመልካቿም ትሰናበታለች። ሰአዳ ይህን ከድምፁ ሁለት ጊዜ አስደግማ ሰማች። ከዚያ ቁርጥ አደረገች። አታነብም። ልጇ ሥራ ፈትታ ቤት ብትውል ይሻላታል፤ ስፌት ታለማምዳታለች። በረዶ ላይ ከተቀመጠ ሹመት እሳት ዳር የተቀመጠ ሥራ ፈት ይበልጣል።

ትምህርቱን ግን አልተወችም፤ የለመዱትን መርሳት እንደ ማጉደል ስለሚቆጠርባት። የጋሽ ይመርን ጽሑፍ ተዋሰች። እሳቸው እየዘለሉ ያነበቡትን የአህያ ሰኮና እሷ ገጽ በገጽ፣ መስመር በመስመር ወጣችው። በዚያ ጸደይ የእንስሳት መሥሪያ ቤት ስለ አህያ ሰኮና ሁለተኛ ዙር ጥናት ጀመረ፤ ደሴ ዙሪያ ያሉ አህዮች ሁሉ እግራቸው ታየ። ባለቤቶቻቸው ምክንያቱን አልተነገራቸውም።

ረውዳ በየጁምዓው ትደውላለች። ሰአዳ በላሽ ወይ፣ ለበስሽ ወይ፣ ያስልሻል ወይ ትላታለች። ረውዳ ደህና ነኝ ትላለች። ደህና ነኝ ማለት ረውዳ በሰባት ዓመቷ ትኩሳት ይዟት ስትንቀጠቀጥም ያለችው ስለሆነ ሰአዳን አያሳምናትም። ስለ ሪፖርቱ ግን አንዳቸውም አያነሱም። በመጨረሻ ያነሳችው ረውዳ ናት።

«እማዬ፣ አልደረሰሽም እንዴ?»

«ደርሷል።»

«እና?»

«ስፌት በዝቶብኝ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ስልኩ ውስጥ ነፋስ ብቻ ይሰማ ነበር። ሰአዳ ተቋረጠ ብላ ልጇን በስሟ ጠራች።

«አለሁ» አለች ረውዳ። «ምንም አይደለም። እኔ የጻፍኩትን ከአንቺ በቀር ያነበበ ሰው የለም። እሱን ለምጄ ነው።»

ሰአዳ ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ ማሽኗ ጋ ተቀመጠች። የሰው ሱሪ እጅጌ አድርጋ ሰፋችና ፈታችው። ረውዳ ጣቢያው ይዘጋል ብላ እንዳልተጨነቀች ከድምጿ ገብቷታል። ክፍሉ ሊዘጋ ነው ያለች ዕለትም እንዲሁ ነበረች፣ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው። ያን ጊዜም ያመማት ሥራው አልነበረም ማለት ነው። ሰአዳ ያን ጊዜ አልሰማችም፤ በማዳመጥ ሁለተኛ የወጣች ሴት።

በማግስቱ ክፍል ገብታ የአህያውን ሰኮና ከፈተች። ዓይኗ መስመሩ ላይ አለ፣ ልቧ የለም። ጋሽ ይመር በጎን አዩዋት።

«የእኔን ጨረስኩት» አሏት። «የሚስቴን ድንጋይ ማለቴ ነው። ጁምዓ ሄጄ አነበብኩት። ስሟና ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ነው የተጻፈው። ሌላ ነገር ጽፋልኝ ቢሆን ኖሮ እዚያው አድር ነበር።» ሰሌዳዋን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «አንቺ ልጅሽ እየጻፈችልሽ አህያ ታነቢያለሽ?»

ሰአዳ የአህያውን ዘጋችና የቧሂትን ከፈተች።

ጽሑፉ እንደ ቀድሞው አልነበረም። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ነበሩ። አንዱ መስመር ሌላው ላይ አይንጠለጠልም፤ ጣት እንዲያርፍ ቦታ ተትቶለታል። ስድስት መሥሪያ ቤቶች ለሚቀበሉት ሪፖርት እንግዳ አጻጻፍ ነው፤ ነገር ግን ድምፁ እንደሆነ ፍሬ ነገሩን ብቻ ስለሚናገር ልብ ያለው አልነበረም። የመጀመሪያው ክፍል የጣቢያው ዕቃ ሁኔታ የሚል ነው። ሰአዳ ጣቷን አስቀመጠች።

«ሚዛኑ ይሠራል። የነፋስ መለኪያው አንዴ ወድቆ ተነስቷል። ተመልካቿ ትሠራለች። ሁለት ጋቢ ትደርባለች። በሶው አላለቀም። መጀመሪያ ወር ሳለች፣ አሁን አትስልም።»

ሰአዳ ሳለች የሚለው ላይ ቆየች። ከዚያ አትስልም የሚለው ላይ የባሰ ቆየች። ደህና ነኝ የሚለውን ሳታምን የኖረች ሴት ይህንን አመነችው፤ ከነፋስ መለኪያው ጋር አብሮ ስለተጻፈ።

ቀጥሎ ያለው ስለ ድንጋዩ ነበር። ረውዳ ሽበቱ በአንድ ሰው ዕድሜ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል እንደሚያድግ ጽፋለች። ጠዋት ብርሃን ሲወጣ ቀለሙ ከአመድ ወደ ብርቱካን እንደሚለወጥ፣ ይህንንም እስከ አሁን ቆሞ ያየው ሰው እንደሌለ ጽፋለች። «ተመልካቿ በየቀኑ ታየዋለች» ይላል። «አይሰለቻትም።»

ሰአዳ ራሷን ቀና አድርጋ የምድር ቤቱን ግድግዳ አየች። ልጇ ከትንሽነቷ ጀምሮ ቦዩ ዳር ተንበርክካ ድንጋይ እያየች ከትምህርት ቤት የምትዘገይ ልጅ ነበረች። ሰአዳ በሩ ላይ ቆማ ስትጨነቅ ያደገች ልጅ ናት። ልጅቱ ግን ያን ጊዜም አልጠፋችም፤ የምታየው ነገር ነበራት። ዓመቱ ሲያልቅ ጣቢያው ቢዘጋ ወደ ቤት የምትመጣውን ረውዳ ሰአዳ በዓይነ ልቦናዋ አየቻት፦ እሳቱ ዳር፣ መርፌ ይዛ፣ ደህና ነኝ ስትል። አነበበችው እንግዲህ። ያነበበችው አይመለስም፣ ልጇም በዚህ ዓመት አትመለስም። አንድ ጊዜ ያ አላህ አለችና ገጹን ገለበጠች።

መጨረሻው ገጽ ላይ የመዝጊያው ወግ ነበረ። ሦስት መስመር ነው። የመጀመሪያው «ራስ ዳሽን ላይ ሌላ ተመልካች ቢኖር መልካም ነው» ይላል። ሰአዳ ግማሹን አንብባ ወዲያው በመዳፏ ሸፈነችው። የሰው ልጅ ነው፤ እናት አለችው። መዳፏን ሳታነሳ ወደ ሁለተኛው ወረደች።

«ጣቢያው ምድጃ ቢኖረው መልካም ነው።»

ሦስተኛው እንዲህ ይላል፦ «ተመልካቿ ለሁለቱ ዒዶች ወደ ደሴ ብትወርድ ድንጋዩ አይጎዳም።»

ሰአዳ ሁለቱንም አንዴ አነበበቻቸው። ረውዳ ቋቱን ጠንቅቃ ታውቀዋለች፤ እናቷንም እንዲሁ። የዛሬ ዓመት ሰአዳ የምትፈራውን መስመር ስትጠብቅ ልጇን በዓይኗ ገፍታ ተራራ ላይ አወጣቻት። ዓይኗ ያው ዓይን ነው። ወንበሯን መብራቱ ወዳለበት ጎተተች። ነጠላዋን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አጠፈች። ግራ መዳፏን ራስ ዳሽን ላይ እንደጫነች የቀኝ ጣቷን ምድጃው ላይ አስቀመጠች፤ ወተት እሳት ላይ ጥዳ እንዳይገነፍል እንደምትጠብቅ ሴት ዝም ብላ አየችው።

ትምህርቱ አለቀ። ተማሪዎቹ ሰሌዳቸውን እያጠፉ ወጡ። መምህር አሰግድ መጥቶ አጠገቧ ቆመና፣ የምታነበው መስመር አስቸግሯት እንደሆነ፣ ሊረዳት እንደሚችል ነገራት። አላስቸገረኝም አለችው። ጋሽ ይመር ባርኔጣቸውን አድርገው ደረጃው ላይ ይጠብቋት ነበር፤ ብዙ ጊዜ እስከ መታጠፊያው አብረው ነው የሚሄዱት።

«አንቺ፣ እስካሁን እዚያው ነሽ?» አሏት።

«ምድጃውን አሁን ጨረስኩ» አለች ሰአዳ፣ ጣቷን አንድ መስመር ዝቅ እያደረገች። «ዒዱ ነው የቀረኝ። እናንተ ሂዱ፣ እኔ እቆያለሁ።»